ድህነት በሰፈር ይቆጠር፤ ቁጥሩም ለነዋሪው ይነገር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

የዚህ ደብዳቤ ፍሬ ነገር አንድ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ድህነትን፣ ወንጀልንና የኑሮን ሁኔታ ሰፈርን ከሰፈር እያነጻጸረ ይለካል፤ የለካውንም ማንም ዜጋ ሊያየው በሚችልበት መንገድ ያወጣል። የደሴና የኮምቦልቻ ከተሞች አስተዳደሮችም ይህንኑ በአቅማቸው መጠን ሊያደርጉ ይገባል፤ ለመጀመር ከሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው በእጃቸው ወይም በእጃችን አለ ብዬ አምናለሁ። ደብዳቤዬን በአንባቢያን ዓምዳችሁ እንድታስተናግዱልኝ በአክብሮት እየጠየቅሁ ምክንያቴን አስረዳለሁ።

ደሴ ውስጥ ስለ እንግሊዝ አገር ሲነሣ ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንዱ፣ እዚያ የደረሰ ሰው ያለፈለት ነው፣ ሌላው ቢቀር በጨለማ አይሄድም፣ በብርድ አይንገላታም የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንግሊዞች ድህነት የሚሉት በእኛ ዓይን ምቾት ስለሆነ ስለ እነርሱ ችግር ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ነው። የእህቴ ልጅ ሃል በምትባል ከተማ መኖር ከጀመረ ወዲህ ሁለቱንም ንግግሮች በትዕግሥት ማዳመጥ እያቃተኝ መጥቷል፤ ሁለቱም ሳይለኩ የሚናገሩ ናቸውና።

ሃል በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ የሃምበር ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ስፍራ የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቿ 267,000 ገደማ ነበሩ። እንደ ለንደን ወይም እንደ ማንቸስተር ስሟ በእኛ ዘንድ አይታወቅም፤ በገዛ አገሯም ቢሆን ብዙ ጊዜ የተረሳች ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ክፉኛ ከተጎዱት የእንግሊዝ ከተሞች አንዷ ሆና ሳለ፣ በወቅቱ ዜና ስሟ ሳይጠራ «አንዲት የሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ከተማ» እየተባለ ይነገር ነበር። ለብዙ ዘመን የኖረችው በዓሣ ነው። ሄስል መንገድ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ወንዶች እስከ አይስላንድና እስከ ኖርዌይ ባሕር ድረስ ሄደው በበረዶና በማዕበል መካከል ሳምንታት ሰንብተው ይመለሱ ነበር፤ ከሴቶቹም ብዙዎቹ በወደቡ አካባቢ ባሉ ፋብሪካዎች ዓሣውን እየሰነጠቁና እያሸጉ ይተዳደሩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1968 መጀመሪያ ላይ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሦስት የሃል መርከቦች ጠፍተው 58 ሰዎች ሞቱ። በዓሣ ፋብሪካ ትሠራ የነበረች ሊሊያን ቢሎካ የተባለች የመርከበኛ ሚስት የሰፈሯን ሴቶች አስተባብራ ከ10,000 የማያንስ ፊርማ አሰባሰበች፤ ከጓደኞቿም ጋር ለንደን ድረስ ሄዳ ሚኒስትሮችን አነጋገረች፤ በእያንዳንዱ መርከብ ላይ የሬዲዮ ሠራተኛ እንዲኖር የሚጠይቀውን ጨምሮ የሴቶቹ የደህንነት ጥያቄዎች ተቀባይነት አገኙ። ሊሊያን በምላሹ ያገኘችው ከሥራ መሰናበትና በሌሎች ቀጣሪዎች ዘንድ ፊት መነሣት ነው፤ ይህ ደግሞ በእኛም አገር ስለ ሰፈሩ ሲል አቤት ብሎ የሚያውቅን ሰው የሚያስገርም አይመስለኝም።

መርከቦቹ ደህንነታቸው ተጠበቀ፤ ሥራው ራሱ ግን ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1976 አይስላንድ ከጠረፏ እስከ 200 ማይል ድረስ ያለውን ባሕር ለራሷ ማድረጓን እንግሊዝ ስትቀበል፣ የሃል መርከቦች የሚያጠምዱበት ውሃ ተዘጋባቸው። መርከበኞቹ በሕግ ፊት እንደ ቀን ሠራተኛ ይቆጠሩ ስለነበር ያለ ስንብት ክፍያ ተበተኑ። ካሣ የሚከፈልበት ደንብ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሆን ያን ጊዜ ብዙዎቹ በሕይወት አልነበሩም።

ይህን በዝርዝር ያነሣሁት ለታሪኩ ብቻ ብዬ አይደለም። እኛም የተዘጋብን ወደብ አለ። የኮምቦልቻ ነጋዴ፣ የደሴ ሆቴል፣ የከባድ መኪና ሾፌርና ረዳቱ፣ ጋራዡ፣ ጎሚስታው፣ ሻይ ቤቱ ሁሉ ከአሰብ በሚሌና በባቲ በኩል ከሚመጣው ጭነት ይቀምስ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ አሰብ ሲዘጋና ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ሲዞር ያ ገቢ ቀረ። ሃል ባሕሯን ካጣች በኋላ የትኛው ሰፈር ምን ያህል እንደተጎዳ፣ ከዚያም በየጊዜው ምን እንደተሻሻለና ምን እንደባሰ የሚያሳይ ሰነድ በእጇ አለ። በእኛ በኩል አሰብ መዘጋቱ የትኛውን ቀበሌ እንዳደኸየ፣ የትኛው ሰፈር እንዳገገመና የትኛው በዚያው እንደቀረ የሚነግረን ሽማግሌ እንጂ ሰንጠረዥ የለም።

የእንግሊዙ ልኬት እንዲህ ይሠራል። አገሪቱ በአማካይ 1,500 ያህል ሰዎች በሚኖሩባቸው ትንንሽ አካባቢዎች ትከፋፈላለች፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ልኬት እነዚህ አካባቢዎች 32,844 ነበሩ። እያንዳንዱ አካባቢ በሰባት ነገሮች ይመዘናል፤ እነርሱም ገቢ፣ ሥራ፣ ትምህርት፣ ጤና፣ ወንጀል፣ ቤትና አገልግሎት ለማግኘት ያለው እንቅፋት እና የመኖሪያ አካባቢው ሁኔታ ናቸው። ገቢና ሥራ እያንዳንዳቸው 22.5 በመቶ፣ ትምህርትና ጤና እያንዳንዳቸው 13.5 በመቶ፣ የቀሩት ሦስቱ እያንዳንዳቸው 9.3 በመቶ ክብደት ተሰጥቷቸው ከተደመሩ በኋላ አካባቢዎቹ ከባሰው እስከ ተሻለው በተራ ቁጥር ይደረደራሉ። በዚያ ዓመት ልኬት ሃል በአማካይ ውጤት ከ317 የአገሪቱ ወረዳዎች መካከል በችግር አራተኛ ነበረች፤ ከሰፈሮቿም 45 በመቶ ያህሉ ከመላው እንግሊዝ በጣም ከተቸገሩት አሥር በመቶ ሰፈሮች ውስጥ ወድቀዋል።

ከሰባቱ መመዘኛዎች መካከል እኔን በተለይ የሳበኝ እንቅፋትን የሚመለከተው ነው። በ2019ኙ ልኬት በዚህ ክፍል ከተቆጠሩት ነገሮች መካከል ከአንድ ሰፈር እስከ ፖስታ ቤት፣ እስከ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ እስከ ሸቀጥ መደብርና እስከ ሐኪም ዘንድ በመንገድ ያለው ርቀት ይገኝበት ነበር። ሃል ሜዳ ላይ የተኛች፣ አብዛኛው መሬቷም ባሕሩ ሞልቶ ከሚደርስበት ከፍታ በታች ያለ ከተማ በመሆኗ እዚያ ርቀትን በሜትር መለካት ይበቃል። ደሴ ግን በጦሳና በአዝዋ መካከል የተሰነቀረች ናት፤ ለእኛ የሚሠራ መለኪያ ከአስፋልቱ እስከ ቤቱ ያለውን ዳገትም መቁጠር ይኖርበታል። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ወደ መንገድ ያወረደ ጎረቤት አንድ ኪሎ ሜትር ማለት ሁልጊዜ አንድ ኪሎ ሜትር እንዳልሆነ ያውቃል።

ይህ ልኬት ደረጃ የሚሰጥ እንጂ መጠን የሚነግር አለመሆኑን መግለጽ ተገቢ ነው። ሃል ከእንግሊዝ ሰፈሮች ጋር ስትነጻጸር ደሃ መሆኗን ያሳያል፤ ከደሴ ትበልጣለች ወይም ታንሳለች አይልም። በተቸገረ ሰፈር የሚኖር ሁሉ የተቸገረ ነው ማለትም አይደለም። ነገር ግን «የእነርሱ ድህነት ድህነት አይደለም» ለሚሉ ወገኖች አንድ ቁጥር ብቻ ላቅርብ። በእንግሊዝ እጅግ በተቸገሩት አሥር በመቶ ሰፈሮች የሚኖር ወንድ ከሁሉ በተሻሉት አሥር በመቶ ውስጥ ከሚኖረው ይልቅ ዕድሜው በአማካይ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ያጥራል፤ በጤና የሚኖርበት ዘመን ልዩነት ደግሞ ወደ 18 ዓመት ይጠጋል። ነጻ ሕክምና ባለበት፣ ንጹሕ ውሃ በየቤቱ በሚፈስበት አገር ይህን ያህል ልዩነት መኖሩ፣ ድህነት ከረሃብ በመለስ ያሉ ብዙ በሮች እንዳሉት ያሳያል።

ከእነዚህ በሮች አንዱን የእህቴ ልጅ በስልክ ነግሮኛል። የተከራየው ቤት የመብራትና የጋዝ ቆጣሪው እንደ እኛው በካርድ የሚሞላ ነው። ካርዱን መንገድ ዳር ካለው ሱቅ ወስዶ የአቅሙን ያህል ያስሞላል፤ በክረምት ማሞቂያው ሲከፈት ሒሳቡ ቶሎ ያልቃል፤ ማሞቂያው ሲዘጋ ከአልጋው ራስጌ ያለው ግድግዳ ላብ ያወጣና ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል፤ እርሱም በጨርቅ እየጠረገ ያድራል። «ጋሼ፣ እዚህም ካርድ አልቆብን ያደርንበት ሌሊት አለ» አለኝ። ይበልጥ የሚያስተዛዝበው ግን በእንግሊዝ አገር ለብዙ ዓመታት በእንዲህ ዓይነት ቆጣሪ የሚጠቀሙ ሰዎች ሒሳባቸው ከባንክ በቀጥታ ከሚቆረጥላቸው ይልቅ ለዚያው ኃይል የበለጠ ሲከፍሉ መኖራቸው ነው። ደሴም እንዲሁ ነው፤ ቧንቧ በግቢው ያለው ሰው ውሃውን በቆጣሪ ዋጋ ሲጠጣ፣ ፈረቃው የማይደርሰው ዳገት ላይ ያለው ግን በጀሪካን ከአህያ ላይ እየገዛ ለአንድ ሊትር የሚከፍለው ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ደሃው ለአንድ ዓይነት ዕቃ ምን ያህል አብልጦ እንደሚከፍል ሰፈር ለሰፈር ተሰልቶ ቢለጠፍ የውሃ መስመር ቅድሚያ የሚሰጠው ለየትኛው ቀበሌ ነው የሚለው ክርክር አሁን ካለበት መልክ የተለየ ይሆን ነበር።

ልጁ ሃልን መርጦ እንዳልሄደባትም አንባቢያን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ የእንግሊዝ ሕግ ጥገኝነት ጠያቂዎች ከለንደንና ከደቡቡ ክፍል ውጭ ወደ ሌሎች ከተሞች እንዲበተኑ አድርጓል፤ ጠያቂው የሚደርሰውን ከተማ አይመርጥም፤ ቤት የሚገኘውም ኪራይ በሚረክስበት፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ቀድሞውንም በተቸገሩ ከተሞች ነው። ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ በአጠቃላይ መሥራት አይፈቀድለትም፤ ዓመት ካለፈ በኋላ ፈቃድ ሊጠይቅ ቢችልም የተወሰኑ የሥራ ዓይነቶች ብቻ ናቸው የሚከፈቱለት። እ.ኤ.አ. በ2024 ራሱ እያበሰለ ለሚኖር ጠያቂ ይሰጥ የነበረው 49 ፓውንድ ከ18 ፔንስ በሳምንት ሲሆን፣ ምግቡም፣ ልብሱም፣ የአውቶቡስ ዋጋውም ከዚያው ነው። በጅቡቲ በኩልም ሆነ በሊቢያ በረሃ ልጆቻቸውን ለመላክ መሬትና ከብት የሚሸጡ የወሎ ቤተሰቦች «ደረሰ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ የደረሰው የት ሰፈር እንደሆነ ቢጠይቁ መልካም ነው።

ስለ ደህንነትም ብናነሣ ሥዕሉ አንድ ወጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2024 ሳውዝፖርት በምትባል ከተማ ሦስት ሕፃናት ሴቶች በስለት ከተገደሉ በኋላ ገዳዩ ጥገኝነት ጠያቂ ነው የሚል ሐሰተኛ ወሬ ተሰራጭቶ በብዙ ከተሞች ሁከት ተነሣ። በሃል ነሐሴ 3 ቀን ጥገኝነት ጠያቂዎች ያረፉበት ሆቴል ተደበደበ፣ ሱቆች ተዘረፉ፣ እሳትም ተለኮሰ። በማግሥቱም በሚድልስብራ ተመሳሳይ ሁከት ነበር። ሁለቱም ከተሞች በ2019ኙ ልኬት ከመጨረሻዎቹ አምስት ውስጥ የነበሩ መሆናቸውን ልብ ይሏል። ለሁከቱ ድህነት ብቻውን ምክንያት ነው የሚል እምነት የለኝም፤ ደሃ ሁሉ የጎረቤቱን መስኮት አይሰብርም፤ በብዙዎቹ ከተሞች በማግሥቱ መጥረጊያ ይዘው የወጡትም የዚያው ሰፈር ሰዎች ናቸው። ሆኖም ለዓመታት የተረሳ ሰፈርና ከእርሱ የባሰ የተቸገረ እንግዳ ያለ ምክክር አንድ ጣሪያ ሥር ሲደረጉ ለወሬ አቀባባይ የተመቸ መሬት ይሆናሉ። ከ2014 ዓ.ም. ጦርነት በፊትና በኋላ ብዙ ተፈናቃይ ያስተናገደች ደሴ ይህን ጉዳይ ከሩቅ የምትሰማው ዜና አድርጋ ልታልፈው አይገባም።

እንግሊዞች ወንጀልን የሚቆጥሩት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ለፖሊስ የደረሰውን አቤቱታ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ማንም ሰው የመንገዱን ስም አስገብቶ በዚያ ወር ምን እንደተፈጸመ በካርታ ላይ ማየት ይችላል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ የሚካሄድ ጥናት ነው፤ ለፖሊስ ያመለከተውም ያላመለከተውም ሰው ቤቱ ተሂዶ ምን እንደደረሰበት ይጠየቃል። ከጥያቄዎቹም አንዱ ከመሸ በኋላ በሰፈሩ ብቻውን ሲሄድ ምን ያህል ደህንነት እንደሚሰማው ነው። ይህ ጥያቄ ኮምቦልቻ ውስጥ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የማታ ፈረቃ ጨርሰው ወደ ኪራይ ቤታቸው ለሚመለሱ ወጣት ሴቶች ቢቀርብ ምን መልስ እንደሚገኝ ማንም ሊገምት ይችላል። ደሴም ውስጥ ለሱብሒ ሶላትም ሆነ ለኪዳን በማለዳ የሚወጡ አረጋውያን የትኛው መንገድ መብራት እንዳለውና የትኛው ሥርቻ በባትሪ ካልሆነ እንደማይታለፍ አንድ በአንድ ይናገራሉ። ጠያቂ ግን አልመጣላቸውም። ለፖሊስ ያልተነገረ ንጥቂያ በመዝገብ ስለማይሰፍር የሌለ ያህል ሆኖ ይቀራል፤ ሰው ሞባይሉን መናኸሪያ ላይ ተነጥቆ ጣቢያ ከመሄድ ይልቅ «ነፍሴን ማረው» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል።

እንዲህ ያለው ሥራ ትልቅ ገንዘብና ኮምፒውተር ላላቸው አገሮች ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ይህን ተቃውሞ የሚያፈርሰው ከሃል ብዙም ሳይርቅ የምትገኘው ዮርክ ናት። እ.ኤ.አ. በ1899 የቸኮሌት ፋብሪካ ባለቤት ልጅ የሆነው ሲቦም ራውንትሪ በዚያች ከተማ ጠያቂ ቀጥሮ ቤት ለቤት በማስዞር ስለ 11,560 ቤተሰቦች መረጃ አሰባሰበ። የተጠቀመበት መሣሪያ ወረቀትና እርሳስ ነበር። ያገኘው ውጤትም አገሩን አስደነገጠ፤ ከከተማው ሕዝብ ወደ 28 በመቶ የሚሆነው በድህነት ውስጥ ይኖር ነበር። ከዚያም በላይ፣ ለሰውነት ጉልበት መጠበቂያ የሚሆን ገቢ እንኳ ካልነበራቸው መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የደኸዩት በስንፍና ወይም በመጠጥ ሳይሆን ቋሚ ሥራ ይዘው ደመወዙ ስላልበቃቸው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ድህነት የለንደን ጣጣና የሰነፍ ዕጣ ነው ይባል ነበር። እኛም «ፋብሪካ ገብታለች» የተባለችን ልጅ ከችግረኛ ዝርዝር ወዲያው እንሰርዛታለን፤ በአንድ ክፍል ከስንት ጓደኞቿ ጋር ተዳብላ እንደምትኖርና ኪራይና ምግብ ከደመወዟ ምን እንደሚያስተርፉላት ግን አንጠይቅም።

እኛ ዘንድ ያለውን ሁኔታ እንይ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ጊዜ ደሴ በዙሪያዋ ካለው ገጠር ጋር 151,174 ነዋሪዎች ነበሯት። ከዚያ ወዲህ አንድ ትውልድ አድጓል፤ ጦርነት መጥቶ ሄዷል፤ ገራዶና ጢጣ መልካቸው ተለውጧል፤ እቅዶቻችን ግን በዚያው አሮጌ ቁጥር ላይ ግምት እየተቀጠለ ይሠራሉ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1801 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሕዝቧን ስትቆጥር በጦርነት ምክንያት የዘለለችው የ1941ዱን ብቻ ነው። የከተማ ሴፍቲኔት ሲጀመር ደሴ ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷ እንደነበረች የሚታወስ ነው፤ በዚያ ሥራ የኅብረተሰብ ኮሚቴዎች በየቀበሌው ተቀምጠው ቤተሰብን ከቤተሰብ አነጻጽረዋል። ይህ ትልቅ ልምድ ነው። ቀጣዩ እርምጃ ሰፈርን ከሰፈር ማነጻጸር ነው፤ ቤተሰብን የሚረዳ ገንዘብና ሰፈርን የሚለውጥ መንገድ፣ ውሃና ቦይ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና።

እኔ ደሴ ውስጥ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። መዝገባችን እንደ ማንኛውም እድር መዝገብ ነው፤ በግራ የአባሉ ስም፣ ቀጥሎ የቤት ቁጥርና ሰፈር፣ ከዚያም ለየወሩ አንድ ዓምድ። የከፈለ በሰማያዊ እስክሪፕቶ ምልክት ይደረግበታል፤ ውዝፍ ያለበት በቀይ ይጻፋል። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ሁሉም ገጽ ቀላ። ከወራት በኋላ አስፋልት ዳር ያሉት አባሎች ቀስ በቀስ ወደ ሰማያዊው ሲመለሱ፣ ከጦሳ ግርጌ ወደ ላይ የወጡት ቤቶች ግን በቀዩ ላይ ቀሩ፤ እስካሁንም ከእነርሱ መካከል ቅጣቱን እየፈራ ለቀብር እንኳ ከኋላ የሚቆም አለ። እድር ድህነትን አጠናለሁ ብሎ ያቋቋመው የለም፤ ነገር ግን ማን መክፈል እንዳቆመ፣ መቼ እንዳቆመና የየትኛው ሰፈር ሰው እንደሆነ በየወሩ የሚጽፍ ተቋም ከእድር ሌላ በከተማችን አላውቅም። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደግሞ የቤቱን ውስጥ ያውቃሉ፤ የትኛው ቤት መጸዳጃ እንደሌለው፣ የትኛው ግድግዳ ክረምት በመጣ ቁጥር እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛው ቦይ ሲሞላ ጎርፉን ወደ ማን ደጅ እንደሚልክ። ይህ ሁሉ እውቀት በየመዝገቡ ተዘግቶ ተቀምጧል።

ጠንካራው ተቃውሞ የገመና ነገር ነው። ወሎ ውስጥ ሰው ቢቸገር ደጁን ጠርጎ፣ ነጠላውን አጥቦ፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና ተበድሮ አፍልቶ ያሳልፋል እንጂ ችግሩ በአደባባይ እንዲነበብለት አይፈልግም። ሰፈሩ «የድሆች» ተብሎ ቢለጠፍ ልጁን ለጋብቻ የሚጠይቅ፣ ቤቱን የሚከራይ፣ ሥራ የሚሰጠው ይሸሻል የሚል ስጋት አለ፤ ስጋቱም ከንቱ አይደለም። ሃል እ.ኤ.አ. በ2003 ለፌዝ በወጣ የእንግሊዝ መጥፎ ከተሞች ዝርዝር አንደኛ ተብላ መሳቂያ ሆና ነበር። ሆኖም በልኬትና በስድብ መካከል ልዩነት አለ። የእንግሊዙ ልኬት የማንንም ቤት አይጠራም፤ የወንጀል ካርታውም ቢሆን ነጥቡን በትክክለኛው ደጃፍ ላይ ሳይሆን በመንገዱ አቅራቢያ ነው የሚያስቀምጠው። ከዚያም በተረፈ በፌዝ የተጠራችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2017 የአገሪቱ የባህል ከተማ ተብላ ተመርጣ ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ስታስተናግድ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ በአሮጌው ወደቧ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ክንፍ የሚሠራ ፋብሪካ ተከፍቶላታል። ችግሯ መታወቁ ሥራ አላራቀባትም።

መለካት ብቻውን እንደማያድን ግን መደበቅ አይገባም። ጄይዊክ የምትባል የባሕር ዳር መንደር እ.ኤ.አ. በ2010፣ በ2015፣ በ2019 እና በ2025 በወጡት ልኬቶች የእንግሊዝ እጅግ የተቸገረ አካባቢ መሆኗ ተጽፎላታል፤ አራት ጊዜ ተለካች፣ አራቱንም ጊዜ መጨረሻ ሆነች። ከ2010 በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ለከተማ ምክር ቤቶች የሚሰጠውን ገንዘብ ሲቀንስም ከሁሉ የበለጠ የተቆረጠባቸው በማዕከላዊ መንግሥት ድጎማ ላይ የተደገፉት ደሃ ከተሞች ነበሩ። ቁጥሩ ይህን አላስቀረም። ያደረገው ነገር፣ ጉዳቱ በማን ላይ እንደወደቀ የሚከራከር ማንኛውም ሰው ሰነድ ይዞ እንዲከራከር ማስቻሉ ነው። በእኛ የቀበሌ ስብሰባ ግን ድምፁ የጎላው ሰፈር መንገድ ያገኛል፤ ድምፁ ያነሰው ደግሞ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ይቀጠራል።

ስለዚህ ለሁለቱ ከተሞች አስተዳደሮች የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። ለእያንዳንዱ ቀበሌ፣ ቢቻል ለእያንዳንዱ ቀጠና፣ በሳምንት ውሃ ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ካሉት የመንገድ መብራቶች የማይሠሩት ስንት እንደሆኑ፣ እስከ ጤና ጣቢያና እስከ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ ለመሬት መንሸራተትና ለቦርከና ጎርፍ የተጋለጡ ቤቶች የት የት እንደሆኑ፣ ትምህርት ያቋረጡ ልጆች ስንት እንደሆኑ ይቆጠር። ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ በኤፍ ኤም ይነበብ፣ በዓመቱም እንደገና ይቆጠር። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ መጠይቅ ይዘው ሲዞሩ በየዓመቱ እናያቸዋለን፤ ጉልበታቸው ወደዚህ ቢዞር ለእነርሱም ለከተማውም ይጠቅማል።

በበኩሌ እድራችን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ከፈቀደልኝ፣ ከመዝገባችን ስምና የቤት ቁጥር ሳይወጣ ውዝፉን በየሰፈሩ ብቻ ደምሬ ለቀበሌያችንና ለዚህ ጋዜጣ ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ። በሆጤ፣ በሰኞ ገበያ፣ በሸዋ በርና በኮምቦልቻ ያላችሁ የእድር ጸሐፊዎችም ይህን ደብዳቤ ካነበባችሁ የእናንተ መዝገብ ምን እንደሚያሳይ በዚሁ ዓምድ እንድትጽፉ፣ ዝግጅት ክፍሉም ለዚህ የሚሆን ቦታ እንዲፈቅድልን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የእድር ጸሐፊ፣ ከደሴ